ሊቀመንበር የማውረድ ሥራዬ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ደብረ ታቦር ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ፣ አንድ የማላውቀው ገበሬ አጠገቤ ቆሞ፣ «እትዬ ጥሩ፣ ሰው ማውረዱን ተዉት አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። ሽንኩርት ሻጯ እጇን ከሚዛኑ አነሳችና ቀና ብላ አየችኝ። ሰው የማወርደው ከበቅሎ ላይ ይሁን ከዛፍ ላይ፣ ምን እንዳሰበች እሷ ታውቃለች። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ዘንቢሌን መሬት አስቀመጥኩ።

«ተውኩት» አልኩት። «ጡረታ ወጣሁ።»

«አዬ!» አለ ከልቡ አዝኖ። «የኛው ሊቀመንበር እኮ ገና አልወረደም ነበር።»

ይህን የምጽፈው ለዚያች ሽንኩርት ሻጭ ነው ብትሉኝ አልቀየምም። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ሽንኩርት ስትመዝንልኝ በጥርጣሬ ነው የምታየኝ።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በደቡብ ጎንደር ገጠር ለገጠር እየዞርኩ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራትን በማደራጀት ነው። ማኅበር ማቋቋም፣ ደንብ ማስረዳት፣ ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት፣ አመራር ማስመረጥ፤ ሥራው ይኸው ነበር። ደመወዙ ወር ከወር አገናኝቶኛል፣ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። ሪፖርቱንም ቢሆን ሰው ያነበዋል ብዬ የሞላሁት አይመስለኝም። ሕዝቡ ከዚህ ሁሉ ሥራ አንዱን ብቻ ነው ያስታወሰልኝ። በወንበሩ ላይ ያለ ሊቀመንበር ዘመኑን ጨርሶ ድጋሚ እመረጣለሁ ሲል፣ «ለምን አይመረጥም?» የሚለው ሙግት በጉባኤ ፊት እንዲነሳ አደርግ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከወረዱት ይልቅ ተመልሰው የተመረጡት ይበዛሉ። ግን ማን ያምነኛል? ስም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ዋሴ ናቸው። ይፋግ ስመደብ ገና ከትምህርት ቤት መውጣቴ ነበር፤ እሳቸው አለቃዬ ነበሩ። ጉና ተራራ ሥር የተወለዱ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። የመጀመሪያውን ጉባኤ ልንመራ በሄድን ቀን ሰው ሳይመጣ ደረስንና፣ «በይ እዚያ ከፊት ቁሚና ተናገሪ» ብለውኝ እሳቸው መጨረሻው ላይ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። ያጠናሁትን ሁሉ አወረድኩት።

«አልሰማሁም» አሉኝ።

ጮክ አልኩ። «አሁንም አልሰማሁም» አሉ። «ሴቶቹ እኮ እዚህ ነው የሚቀመጡት። ደመወዝ የሚከፈልሽ ከፊት ለሚቀመጡት ሽማግሌዎች ብቻ ነው እንዴ?»

እንዲህ ነበሩ። ጉባኤ የሚጠሩት ገበሬ በሬ በማይጠምድበት በዓል ቀን ብቻ ነው። ቦታ ሲመርጡ ደግሞ ፀሐይዋን ያያሉ። ሰው ፊቱን ፀሐይ ከመታው፣ ቶሎ ጥላ ፍለጋ ለመሄድ ሲል የቀረበለትን ሁሉ «እሺ» ይላል፤ ስለዚህ ሰዉ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ እንዲቀመጥ ያደርጋሉ፤ ፀሐይ የሚመታው ሰብሳቢውን ነው። «ማጠር ያለበት የእሱ ንግግር ነው» ይሉ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ጋቢ ማንበብ አስተማሩኝ። የኛ አገር ሰው አክባሪ ነው፤ ትልቅ ሰው ፊት «አይሆንም» አይልም። ሲስማማ ጋቢው ትከሻው ላይ ይቀራል። ሳይስማማ ሲቀር ቀስ አድርጎ ወደ አፉ ይስበዋል። ብርድ አይደለም፣ አክብሮት ብቻም አይደለም፤ አፉን የሚሸፍነው የማይናገረው ነገር ስላለው ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ጉባኤ ላይ ፊት አይቼ አላውቅም፤ ጋቢ ነው የማየው። ባለቤቴን እንኳ ሳገባው ያየሁት ጋቢውን ነው።

ከይፋግ ቀጥሎ እብናት ተመደብን። እዚያ ያጋጠመን ዛሬም ሲነሳ ሆዴን ይበላኛል።

የእብናቱ ማኅበር የእህልና የፍየል ነጋዴዎችን ጫና ለመቋቋም የተመሠረተ ነበር። ሊቀመንበሩን አቶ ተገኘ ልበላቸው። ደግ ሰው፣ የግማሹ አባል የክርስትና አባት። ግን ነገሩን ሁሉ እሳቸው ወስነው ጨርሰው ነው ለሰው የሚነግሩት፤ ገበያ የሚወጣበትን ቀን፣ ፍየሉ የሚሸጥለትን ሰው፣ ሁሉን። ምርጫው ሲቃረብ ቤት ለቤት ስዞር ያገኘሁት ሰው ሁሉ፣ «ደክመዋል፣ ሌላ ይሞከር» አለኝ። በሹክሹክታ ነው፣ ግን ሁሉም አለኝ። እኔም ልቤ ሞልቶ ጉባኤው ደረሰ።

«አቶ ተገኘ እንዳይመረጡ የሚቃወም አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ጋቢው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አፍ ወጣ። ምክንያቶቹን እኔው ዘረዘርኩላቸው፤ አዲስ ሰው መልመድ እንዳለበት፣ ውሳኔ በአንድ ሰው እጅ መከማቸቱ ማኅበሩን እንደሚያደክም። ለመንኳቸው ማለት ይቀላል። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ አባትን በፊቱ አይበጁኝም ይባላል እንዴ?» አሉኝና ተቀመጡ። እጅ አውጡ ሲባል ሁሉም አወጣ። በአንድ እጁ ጋቢውን አፉ ላይ ይዞ፣ በሌላው ድምፅ ሰጠ። ጭብጨባውም እልልታውም ቀለጠ፤ እኔ ተሸነፍኩ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተጣላ፣ ማንም ማመልከቻ አላስገባ። ዝም ብለው ፍየላቸውን ለነጋዴ መሸጥ ጀመሩ። መኸሩ ሲያልቅ የማኅበሩ ግቢ ሣር በቀለበት። አቶ ተገኘ ጉባኤ ጠርተው ብቻቸውን መጡ፤ ብቻቸውንም ዛፉ ሥር ሲጠብቁ ዋሉ። በማግስቱ ቢሯችን ድረስ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«በደልኳቸው እንዴ?» አሉኝ። «እጃቸውን እኮ ሁሉንም አይቻለሁ። አንድ ሰው እንኳ ምነው ሳይነግረኝ?»

 ጋሼ ዋሴ ተነሥተው እስከ መንገዱ ሸኟቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ክፉ ሊቀመንበር ማኅበር ያጠፋል ብዬ ነበር የማምነው። አንድ ማኅበር በአክብሮት ብዛት ሲሞት ያየሁት ያኔ ነው፤ የከበሩትም ሰውዬ አብረው ነው የሞቱት ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ከቤታቸው አልወጡም።

ጋሼ ዋሴ ነገሩን ሲያብሰለስሉ ከረሙ። አንድ ቀን ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር ስንመጣ የተሳፈርንባት መኪና ከልክ በላይ ጫነችና መንገድ ላይ አንድ ሰው ይውረድ ተባለ። ማን ይውረድ? ጭቅጭቁ ደራ። በኋላ አንዲት ሴት፣ «ዕጣ ይውጣ» አለች። እያንዳንዱ ያለውን ሰጠ፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የማተብ ቁራጭ፣ አንዱ የክብሪት እንጨት። ዕቃ ሲሰበሰብ ያላየ አንድ መንገደኛ ጠርተው ከመሃሉ አንዱን ዕቃ አስወጡት። ዕጣ የወጣበት ሰውዬ ሳያጉረመርም ወረደ፤ እንዲያውም «መልካም መንገድ» ብሎን ነው የሄደ።

ጋሼ ዋሴ ክንዴን ያዙኝ። ያን ያህል ተደስተው አይቻቸው አላውቅም።

«አየሽው? ዕጣ ሲያወርደው ማንንም አልተቀየመም። አንድ ሰው ደፍሮ ቢያወርደው ግን እስከ ልጅ ልጅ ቂም ነበር። ጥሩዬ፣ የኛ ሰው የሚናገረው አጥቶ አይደለም እኮ፤ የሚያናግረው ነው ያጣው!»

የዕጣ ሙግት እንዲህ ተወለደ። በወንበር ያለው ሊቀመንበር ለድጋሚ ምርጫ ከቀረበ፣ በቅድሚያ ድምፅ ወደማይሰማበት ራቅ ብሎ ይቆያል። ከዚያ አባላቱ ሁሉ ዕጣ ይጥላሉ። ዕጣው የወጣበት ሰው፣ ቢወደውም ቢጠላውም፣ ሊቀመንበሩ ለምን ድጋሚ መመረጥ እንደሌለበት ተነሥቶ ይሟገታል። መስደብ የለም፣ የሰማሁትን ልንገራችሁ የለም፤ በዓይኑ ያየውን ብቻ። መመለስ የፈለገ ይመልሳል። ከዚያ ሁሉም የተሰጠውን አንድ ባቄላ በጭብጡ ይዞ መጋረጃ ውስጥ ይገባና ለየተወዳዳሪው ከተቀመጡት ቅሎች በአንዱ ውስጥ ይጥላል። ሙግቱን ያቀረበውን ሰው ማንም፣ «ለምን እንዲህ አልክ?» አይለውም። ዕጣ ነው ያናገረው።

መጀመሪያ የሞከርነው ሐሙሲት ነው። ዕጣው የሊቀመንበሩ የታወቀ ባላንጣ ላይ ወጣ! ጉባኤው አጉረመረመ። ሰውዬው ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አሰበ፣ ደግሞ አሰበ። «ያየሁትን ብቻ ከሆነ...» አለ በመጨረሻ፣ «ሲሄድ ዝግ ይላል። ስብሰባ ያረፍዳል። ሌላ አላየሁም።» ሳቁን መስማት ነበር። ሊቀመንበሩ ተመልሶ ተመረጠ፤ ከዚያ በኋላ ግን አርፍዶ አያውቅም። ያን ቀን ከሐሙሲት ስንመለስ ጋሼ ዋሴ መንገዱን ሙሉ ለብቻቸው ይስቁ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ጋሼ ዋሴ ጡረታ ወጥተው ወደ ጉና ሥር፣ ወደ ድንች ማሳቸው ተመለሱ። እኔ ደብረ ታቦር ቢሮ ገባሁ። የአካባቢው ዘር ድንች አምራቾች ተሰባስበው ማኅበር ሲያቋቁሙ ማንን መረጡ? ጋሼ ዋሴን ነዋ። አባላቱ ሊቀመንበር እንኳ አይሏቸውም፤ «ፕሬዚዳንታችን» ነው የሚሏቸው። ማኅበሩ ደብረ ታቦር ዳር ላይ የዘር ማከማቻ ሠራ፤ ድንቹ በመደርደሪያ ላይ ለስላሳ ብርሃን እያገኘ ጠንካራ ቡቃያ የሚያበቅልበት ቤት ነው። ማከማቻው የሚከፈትበትን ጊዜና ዘሩ ማን ዘንድ ቀድሞ እንደሚሄድ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። በደንብም ይወስኑ ነበር።

የመጀመሪያ ዘመናቸው አልቆ ምርጫ ሲደርስ እኔ ለጡረታ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ጉባኤውን የምመራው እኔ ነኝ። የመጨረሻ ጉባኤዬ፣ በአስተማሪዬ ላይ። 

የሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ማከማቻው ግቢ ሞላ። ሰዉን ጀርባውን ለፀሐይ አስቀመጥኩት። ጋሼ ዋሴ ከፊት፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ በራሳቸው ስም አባል ናቸውና ከሴቶቹ ጋር ከኋላ አሉ።

«ምርጫው ይጀመራል» አልኩ። «እንደ ልማዳችን አስቀድሞ የዕጣ ሙግት ይሆናል።»

ከላይኛው ጉና የመጡት አቶ ሙጬ ብድግ አሉ። ደረታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው እንደ መለከት። «ለእሳቸው አያስፈልግም! ባለፈው ዓመት ለተከላ ዘር ስንጠብቅ አያ ዋሴ በሳንባ ምች አልጋ ላይ ነበሩ። ሞት አፋፍ ሆነው እንኳ፣ ‹ላይኞቹ ይቅደሙ› ብለው ላኩ። ሌላ ሰው ቢሆን መንገድ ዳር ላሉት ነበር የሚሰጠው። እኛ ቀድመን ተክለን ውርጭ ሳይደርስብን አነሣን። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ሙግት? ነውር ነው!»

«ነውር ነው!» አለ ጉባኤው። ጭብጨባው ማከማቻውን አናወጠው።

እኔ ወደ ጋሼ ዋሴ ዞርኩ። እንደ ደንቡ ተነሥተው ራቅ ይላሉ ብዬ ነበር። ራሳቸው የወለዱት ልማድ ነዋ። እሳቸው ግን መሬት መሬት እያዩ፣ «እንግዲህ ጉባኤው ካለ እኔ ምን እላለሁ» አሉና እንደተቀመጡ ቀሩ። 

ያኔ የተሰማኝን እንዴት ልናገረው? እብናት መጣብኝ። ያ በሣር የተዋጠ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ብቻቸውን የዋሉት ሽማግሌ። እኒህም ሰው እንደዚያ ሊሆኑ ነው፤ ማኅበሩም እንደዚያ ሊሆን ነው፤ እኔም ቆሜ ላጨበጭብ ነው። አጠገባቸው ሄድኩ።

«ጋሼ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ የመጨረሻው ረድፍ እንዲሰማ። «ይነሡ።»

 በዕድሜዬ ታላቅ ሰውን በአደባባይ አዝዤ አላውቅም። ጋሼ ዋሴ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ታችኛው ባሕር ዛፍ ወረዱ። 

ዕጣው በአንድ ቆብ ተሰበሰበ። ማከማቻውን የሚጠብቀው ዘበኛ ከውጭ በር ላይ ነበርና ምንም አላየም፤ ጠርቼው እጁን ቆብ ውስጥ ከተተ። ያወጣው የብር ቀለበት ነው።

«የማን ነው?»

 ሴቶቹ መሃል ሹክሹክታ ተነሣ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ «የእኔ ነው» አለች። ወይዘሮ ብርቄ ናቸው።

ሳቅም ጩኸትም ተደባለቀ። «ሚስት በባሏ ላይ?» «ይቀየር!» «ድጋሚ ይውጣ!» እኔም ብሆን ልቤ ይቀየር ብሏል፤ ደንቡን ባላውቅ ኖሮ እቀይረው ነበር። ወይዘሮ ብርቄ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ምኑ ይቀየራል? ዕጣ ነው» አሉ። «ያየሽውን ብቻ ተናገሪ ይላል ሕጉ። እኔ ደግሞ ከሁላችሁም የበለጠ አይቻለሁ።»

አሁን ነው የሚሳቀው ብሎ ሰው ሁሉ አሰፍስፎ ጠበቀ። ያንኮራፋል ሊሉ ነው ብዬ እኔም ጠብቄ ነበር። ወይዘሮ ብርቄ ግን አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ አቶ ሙጬ አዞሩ።

«አያ ሙጬ፣ ባለፈው ዓመት ደጄ መጥታችሁ ቆማችሁ። ዘሩ አጎንቁሏል፣ ዝናቡ ደርሷል፣ ማንን እናስቀድም ብላችሁ ጠየቃችሁ። ገብቼ ጠየቅኋቸው። እሳቸው በትኩሳት ይቃዡ ነበር። የሚያወሩኝ ስለ ቦራ በሬያችን ነው፤ ከሞተ ስንት ዘመኑ። ‹ቦራን ውኃ አጠጪው› ነው የሚሉኝ። እናንተ ደግሞ ደጅ ቆማችኋል። ምን ልበል? እንዲሁ ቆማችሁ ዘሩ ይበላሽ? ሳስበው፣ የላይኛው መሬት ብርድ ነው፣ ድንቹ ዘግይቶ ነው የሚደርስ፣ ቀድሞ ካልተተከለ ውርጭ ያገኘዋል። ወጣሁና ‹ላይኞቹ ይቅደሙ ብለዋል› አልኋችሁ። ያልሁት እኔ ነኝ።»

አቶ ሙጬ ማንም ሳይነግራቸው ቁጭ አሉ።

«ከዚያም በኋላ በመጣችሁ ቁጥር የመለስኩላችሁ እኔ ነኝ። እሳቸው እስኪድኑ የገዛኋችሁ እኔ ነኝ። መርጣችሁኝ ነበር?» ድምፃቸው ቀጠነ እንጂ አልተንቀጠቀጠም። «ደግ ሆነ፣ እግዜር ረዳኝ። ብሳሳትስ ኖሮ? ማንን ትጠይቁ ነበር? ይህን ያህል ሰው፣ ሁላችሁም ድንች ስትተክሉ የኖራችሁ፣ አንድ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ አንዲት ሴት እስክትወጣ ጠበቃችሁ። ዋሴ ክፉ ሰው አይደሉም። ጥሩ መሆናቸው ነው ማሰብ ያስተዋችሁ። እሳቸው ካሉ እናንተ አታስቡም፤ እሳቸው ሲታመሙ ደግሞ የሚያስብላችሁ ጠፋ። ስለዚህ አይመረጡ። እኔም ያን ደጃፍ ሁለተኛ አልወጣበትም።»

«ለእሳቸውስ ነግረዋቸዋል?» አልኩ። የመምራት ሥራዬን ረስቼ ነው፤ መጠየቅ አልነበረብኝም።

«አልነገርኋቸውም። ሲድኑ ሰው ሁሉ መጥቶ አመሰገናቸው፤ ደስ አላቸው። ከሞት የተመለሰን ሰው ደስታ እንዴት እነጥቃለሁ?» አሉና ተቀመጡ።

እንደዚያ ያለ ሙግት ሰምቼ አላውቅም! ልጮህ፣ ላጨበጭብ፣ ላለቅስ ነበር፤ ሁሉም አማረኝ። እንደምንም ራሴን ገትቼ፣ «መልስ ያለው አለ?» አልኩ። አንዱ ተነሥቶ፣ «እንግዲያማ እትዬ ብርቄ ይመረጡ!» ሲል ግቢው በእልልታ ተሞላ።

«ተው!» አሉ ወይዘሮ ብርቄ። «ከአንድ ቤት ወጥታችሁ ተመልሳችሁ እዚያው ቤት? ቀጥሎ ለድመቲቱ ልታስረክቡ ነው?»

ጋሼ ዋሴና አቶ ልየው የሚባሉ ዝምተኛ ገበሬ ለውድድር ቀረቡ። ባቄላው ተጣለ። በጋሼ ዋሴ ቅል ውስጥ የተገኘው ጥቂት አልነበረም፤ የአቶ ልየው ግን በለጠ። አቶ ልየው ራሳቸው ማመን አቅቷቸው ባቄላው እንደገና ይቆጠር አሉ። ተቆጠረ፣ ያው ነው።

ወሬውን የማደርሰው እኔ ነኝ። ወደ ባሕር ዛፉ ስወርድ ጋሼ ዋሴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ወረድኩ?» አሉኝ።

«ወረዱ፣ ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያስነሣኋቸውን አልጠቀሱትም። «ዕጣው በማን ወጣ?»

«በእትዬ ብርቄ።»

ከት ብለው ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ምን አለች? ያንኮራፋል አለች?»

የዕጣ ሙግት ለሊቀመንበሩ ይነገረዋል፤ አይደበቅም፤ ይህንንም የደነገጉት እሳቸው ናቸው። የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ስለ ቦራ ስነግራቸው ሳቃቸው እንዳለ ነበር። ደጃፉ ጋ ስደርስ ግን ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ላይኞቹ ይቅደሙ ያልኩት እኔ አይደለሁም?»

«አይደሉም፣ ጋሼ።»

«ትዝ ይለኛል እኮ። ስል ትዝ ይለኛል።» ባሕር ዛፉን፣ መሬቱን፣ እጃቸውን አዩ። «አንቺም ታውቂያለሽ ስንት ዓመት እንደሠራሁ። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራው በዚያ ነበር።»

 እንዲህ ለተባለ ሰው ምን እንደሚባል እሳቸውም አላስተማሩኝ፣ እኔም አልተማርኩ። ከዘራቸውን ከመሬት አንሥቼ ሰጠኋቸው። ተነሡና ከፊቴ ቀድመው ወደ ግቢው ወጡ።

ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። አቶ ልየው የሊቀመንበሩን ወንበር ለቀው ቆሙ፤ ሽማግሌዎቹም ከፊት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ቦታ ሠሩላቸው። ጋሼ ዋሴ ወንበሩን አለፉት። አግዳሚውንም አለፉት። ወንዶቹን አቋርጠው ወደ ኋላ፣ ወደ ሴቶቹ ሄዱ። በኛ አገር ጉባኤ ላይ ወንድ እዚያ አይቀመጥም፤ ሴቶቹ ግራ ተጋብተው ራቅ ራቅ አሉላቸው። ወይዘሮ ብርቄ ብቻ ካሉበት አልተንቀሳቀሱም፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ጠበቁ።

ጋሼ ዋሴ አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ግቢው ጸጥ ብሎ ስለነበር ድምፃቸው ፊት ድረስ ተሰማ።

«ስትናገሪ እኔ ሩቅ ነበርኩ፤ አልሰማሁሽም» አሏቸው። «ቤት ስንገባ እንደገና ትነግሪኛለሽ።»

«ሁሉንም?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ፣ ቀና ሳይሉ።

«አንዲት ሳታስቀሪ።»